አፕኮንቨርዥን (የፀሐይ ሴል)

አፕኮንቨርዥን ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፎቶኖች ተዳምረው ከፍ ያለ ጉልበት ያለው አንድ ፎቶን የሚገኝበት ሂደት ነው። በፀሐይ ሴል ጥናት ውስጥ ሂደቱ የሚፈለገው ሴሉ ሳይጠቀምበት የሚያልፈውን ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ብርሃን ሴሉ ሊውጠው ወደሚችለው የሞገድ ርዝመት ለመለወጥ ነው። ከምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉ ለተለመደው የሲሊከን ሴል በዚህ መንገድ የሚባክን ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ተመራማሪዎችን ስቧል። ሂደቱ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል፤ ይሁን እንጂ ባልተሰበሰበ ተራ የፀሐይ ብርሃን የሚሰጠው ጭማሪ እስካሁን በጣም ትንሽ ነው። በገበያ ላይ የሚገኙት ተራ ፓኔሎችም አይጠቀሙበትም።

ለሴሉ የማይጠቅመው ብርሃን

ብርሃን ፎቶን በሚባሉ እሽጎች ይጓዛል። የአንድ ፎቶን ጉልበት በሞገድ ርዝመቱ ይወሰናል፦ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። በቀላል ስሌት፣ 1240ን በሞገድ ርዝመቱ (በናኖሜትር) ማካፈል የፎቶኑን ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል። ለምሳሌ 550 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ብርሃን 2.25 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ሲኖረው፣ 1500 ናኖሜትር የሆነ ኢንፍራሬድ ብርሃን ግን 0.83 ብቻ አለው።

የፀሐይ ሴል የሚሠራው ሲሊከንን ከመሰለ ከፊል አስተላላፊ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቁስ ውስጥ ከአተሞች ጋር የታሰረ ኤሌክትሮን ነጻ ወጥቶ ጅረት ለመፍጠር መሻገር ያለበት የጉልበት ክፍተት አለ። የሲሊከን ክፍተት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ይህም ከ1100 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ጋር ይመሳሰላል።

በዚህ ምክንያት ከፀሐይ የሚመጡት ፎቶኖች በሲሊከን ፊት ሦስት ዓይነት ዕጣ ይገጥማቸዋል።

- ጉልበታቸው ከክፍተቱ ጋር የተቀራረበው በጥሩ ሁኔታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣሉ።
- ጉልበታቸው ከክፍተቱ በጣም የሚበልጠው እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያስነሳሉ፤ ትርፉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከላይ የተጠቀሰው አረንጓዴ ፎቶን ካለው 2.25 ኤሌክትሮን ቮልት ግማሽ ያህሉ በዚህ መንገድ ይጠፋል።
- ጉልበታቸው ከክፍተቱ የሚያንሰው ምንም ኤሌክትሮን አያስነሱም። ሲሊከኑ ለእነርሱ እንደ መስታወት ግልጽ ነው። አልፈው ይሄዳሉ፣ ወይም ከኋላ ባለው ብረት ተውጠው ፓኔሉን ያሞቃሉ።

ሁለት ደካማ ፎቶኖች በአንድ ሴል ላይ ቢያርፉ ጉልበታቸው በራሱ አይደመርም። ክፍተቱን መሻገር የሚችል ኤሌክትሮን የሚገኘው ከአንድ በቂ ፎቶን ነው። አፕኮንቨርዥን የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዊሊያም ሾክሊ እና ሃንስ ክዋይሰር በ1961 እ.ኤ.አ. እነዚህን ኪሳራዎች አስልተው አንድ ክፍተት ብቻ ያለው ሴል ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ አስቀመጡ። ዛሬ በሚሠራበት መለኪያ ጣሪያው ለተስማሚው ክፍተት 33 በመቶ ገደማ ነው፤ የሲሊከን ተግባራዊ ጣሪያ ደግሞ ከ29 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው የመጀመሪያው ጠቃሚ የሲሊከን ሴል ብቃት 6 በመቶ ያህል ነበር። የዛሬዎቹ ምርጥ የሲሊከን ሴሎች ከ26 በመቶ በላይ ደርሰዋል። ስለዚህ ሲሊከኑን ራሱን በማሻሻል የሚገኘው ቀሪ ጭማሪ ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ከሁለቱ ትልልቅ ኪሳራዎች፣ ማለትም ከሙቀቱ ወይም ከሚያልፈው ብርሃን አንዱን መቀነስ ያስፈልጋል።

ክፍተቱን ማጥበብ

የሚያልፈውን ብርሃን ለመያዝ መጀመሪያ የሚታሰበው መፍትሔ ጠባብ ክፍተት ያለው ቁስ መምረጥ ነው። በዚህ መስክ በኢትዮጵያ የተደረገ የታወቀ ሥራ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን በመሥራት ይታወቃሉ። እርሳቸው፣ ሽመልስ አድማሴ እና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲና ከቻልመርስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 እና በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ጠባብ ክፍተት ፖሊመሮች ጥናቶችን አሳትመዋል። ከእነዚህ ፖሊመሮች መካከል ከሚታየው ቀይ ብርሃን አልፈው ወደ ኢንፍራሬዱ የሚዘልቁ ይገኙባቸዋል።

የፖሊመሩ ክፍተት የሚጠበው በኬሚካዊ አሠራሩ ነው። በረጅሙ ሰንሰለት ላይ ኤሌክትሮን የመስጠት ዝንባሌ ያላቸውና የመቀበል ዝንባሌ ያላቸው ክፍሎች በየተራ ይቀጣጠላሉ። የሁለቱ ዝንባሌ ልዩነት በበረታ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፤ ፖሊመሩም ረዘም ያለ ሞገድ መዋጥ ይችላል። የአንዳንዶቹ ቀለም አረንጓዴ የሚሆነው ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ስለሚውጡና በመካከል ያለው አረንጓዴ ስለሚቀር ነው።

ይህ መንገድ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሴሉ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከክፍተቱ ስፋት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ክፍተቱ ሲጠብ ብዙ ፎቶን ይያዛል፣ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚያወጣው ቮልቴጅ ግን ይቀንሳል። የሾክሊና የክዋይሰር ጣሪያ የተገኘው በእነዚህ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች መካከል ነው። የአፕኮንቨርዥን ማራኪነት ከዚህ ምርጫ ነጻ የሚያወጣ መሆኑ ነው፦ የሴሉ ክፍተትና ቮልቴጅ እንዳለ ይቀራል፣ የሚለወጠው ብርሃኑ ነው።

አሠራር

አፕኮንቨርዥን የጉልበት ጥበቃ ሕግን አይጥስም። የሚወጣው ፎቶን ጉልበት ከገቡት ፎቶኖች ድምር ጉልበት ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ከእያንዳንዳቸው ጉልበት ግን ይበልጣል። የፎቶኖቹ ቁጥር ይቀንሳል፣ የአንዱ ፎቶን ጉልበት ይጨምራል።

ሂደቱ መካከለኛ ደረጃ ይፈልጋል። በወሎ ተራሮች ላይ የእርሻ እርከኖች ይገኛሉ። በአንድ ዝላይ ሁለት እርከን መውጣት የማይችል ሰው የመጀመሪያው እርከን ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ ሁለተኛው ይወጣል። ለዚህ ግን መካከለኛው እርከን መኖር አለበት፤ ሰውየውም ሁለተኛውን እርምጃ እስኪያደርግ ድረስ እዚያው መቆየት መቻል አለበት። በአፕኮንቨርዥንም የመጀመሪያው ፎቶን ኤሌክትሮኑን ወደ መካከለኛ ደረጃ ያወጣዋል። ኤሌክትሮኑ ወደ መሬት ደረጃው ከመመለሱ በፊት ሁለተኛ ጉልበት ካገኘ ወደ ላይኛው ይወጣል፤ ከዚያ ሲወርድ ብርቱውን ፎቶን ይለቃል። ስለዚህ ለሥራው የሚመረጡት መካከለኛ ደረጃቸው ረጅም ዕድሜ ያለው ቁሶች ናቸው።

*በኤርቢየም።* ለሲሊከን በጣም የተጠናው ቁስ ኤርቢየም ነው። ኤርቢየም ላንታናይድ ከሚባሉት ወይም ብርቅዬ የመሬት ማዕድናት ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እንደ ይተርቢየምና ይትሪየም ሁሉ ከስዊድኗ የኢተርቢ መንደር ነው። የኤርቢየም አየን 1500 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ውጦ መካከለኛ ደረጃ ላይ በሚሊሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ይቆያል። ይህ በአተም ዓለም እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። ሁለት ጎረቤት አየኖች በዚህ ደረጃ ላይ ሲገኙ አንደኛው ጉልበቱን ለሌላው አስረክቦ ወደ መሬት ደረጃ ይመለሳል፤ ተቀባዩ ወደ ላይኛው ይወጣል። ይህ የጉልበት ሽግግር አፕኮንቨርዥን ይባላል። ተቀባዩ ጥቂት ጉልበት በሙቀት መልክ ካጣ በኋላ 980 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይለቃል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የ1523 ናኖሜትር ፎቶን 0.81 ኤሌክትሮን ቮልት አለው፤ ብቻውን የሲሊከንን 1.12 አይደርስም። ሁለቱ ሲደመሩ 1.63 ይሆናሉ። የሚወጣው የ980 ናኖሜትር ፎቶን 1.27 ገደማ አለው፤ ይህም ክፍተቱን ለመሻገር በቂ ነው። ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

*በይተርቢየምና በኤርቢየም።* ይተርቢየም የ980 ናኖሜትርን ብርሃን በደንብ ስለሚውጥ ለኤርቢየም ሰብሳቢ ሆኖ ያገለግላል። ሁለቱ በአንድነት ኢንፍራሬዱን ወደ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ይለውጣሉ። ይህ ጥምረት ለሲሊከን አይጠቅምም፤ ሲሊከን 980 ናኖሜትርን በራሱ ይውጣልና። የሚጠቅመው ሰፊ ክፍተት ላላቸው ሴሎች፣ ለምሳሌ ለአሞርፈስ ሲሊከን፣ ለፐሮቭስካይትና ለፖሊመር ሴሎች ነው።

አየኖቹ የሚቀመጡበት ክሪስታልም ወሳኝ ነው። የክሪስታሉ አተሞች ንዝረት ጠንካራ ከሆነ መካከለኛው ደረጃ ላይ ያለው ጉልበት ቶሎ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ንዝረታቸው ዝቅተኛ የሆነ የፍሎራይድ ክሪስታሎች ይመረጣሉ። ከእነዚህ በጣም የታወቀው ሶዲየም ይትሪየም ፍሎራይድ ነው።

*በሞለኪውሎች።* ሌላው መንገድ ካርቦናዊ ሞለኪውሎችን ይጠቀማል። አንደኛው ሞለኪውል ብርሃኑን ውጦ ትሪፕሌት ወደሚባል ረጅም ዕድሜ ያለው ሁኔታ ይገባል፤ ይህንንም ጉልበት ለሁለተኛ ዓይነት ሞለኪውል ያቀብላል። በትሪፕሌት ሁኔታ ያሉ ሁለት የሁለተኛው ዓይነት ሞለኪውሎች ሲገናኙ የአንደኛው ጉልበት በሌላው ላይ ይጠቃለልና አንድ ብርቱ ፎቶን ይወጣል። ሂደቱ የትሪፕሌት–ትሪፕሌት ውህደት ይባላል። ከላንታናይዶች ይልቅ በደካማ ብርሃን መሥራት መቻሉ ጥንካሬው ነው። ድክመቱ ደግሞ ብዙዎቹ ሞለኪውሎች ከሚታየው ብርሃን ርቀው ያለውን ኢንፍራሬድ አለመዋጣቸውና አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ትሪፕሌቱን የሚያጠፋ መሆኑ ነው።

በፓኔሉ ውስጥ ያለው ቦታ

ለዋጩ ንብርብር የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ከሴሉ ኋላ ነው። ፊት ለፊት ቢሆን ለሴሉ የሚጠቅመውን ብርሃን ሊጋርድ ይችላል። ከኋላ ሲሆን ግን ወደ እርሱ የሚደርሰው ሴሉ ያልፈለገው ብርሃን ብቻ ስለሆነ የሚያመጣው ጉዳት አነስተኛ ነው። ከለዋጩ ኋላ መስታወት ይደረጋል፤ ወደ ኋላ የሚወጣውን አዲስ ብርሃን ወደ ሴሉ ይመልሰዋል።

ለዚህ አቀማመጥ ሴሉ ከሁለቱም ገጾች ብርሃን የሚቀበል መሆን አለበት። የተለመደው የቀድሞ ሴል ኋላው በሙሉ በብረት የተሸፈነ ስለነበር ኢንፍራሬዱ ወደ ለዋጩ አይደርስም ነበር። ባለሁለት ገጽ ሴሎች በአሁኑ ጊዜ በገበያ ላይ በስፋት መገኘታቸው ይህን አንድ እንቅፋት አቃልሏል።

ታሪክ

የሐሳቡ መነሻ በ1959 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ብሉምበርገን ኢንፍራሬድ ብርሃንን በአንድ አየን ደረጃዎች በየተራ በማስዋጥ መቁጠር ይቻላል ሲል ያቀረበው ጽሑፍ ነው። ብሉምበርገን በኋላ በ1981 እ.ኤ.አ. በሌዘር ሥራው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። በ1966 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ኦዜል ጉልበት በሁለት አየኖች መካከል ተሸጋግሮ ሊደመር እንደሚችል አሳየ። በሶቪየት ኅብረት ኦቭስያንኪን እና ፌኦፊሎቭ በዚያው ዓመት ራሳቸውን ችለው ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰዋል።

በፀሐይ ሴል ላይ የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ኦዜል የተሳተፈበት የፈረንሳይ ቡድን ኤርቢየምና ይተርቢየም ያለበትን ብርጭቆ ከጋሊየም አርሰናይድ ሴል ኋላ አስቀመጠ፤ ሴሉም ከክፍተቱ በታች በሆነ ብርሃን ጅረት ሰጠ። ብርሃኑ ግን ከተራ ፀሐይ እጅግ የበረታ የሌዘር ብርሃን ነበር።

በ2002 እ.ኤ.አ. ቶርስተን ትሩፕከ፣ ማርቲን ግሪን እና ፒተር ቩርፈል የንድፈ ሐሳቡን ጣሪያ አሰሉ። ፍጹም የሆነ ለዋጭና ተስማሚ ክፍተት ያለው ሴል ባልተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን እስከ 47.6 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል አሳዩ። ቁጥሩ ከአንድ ክፍተት ሴል ጣሪያ በብዙ ስለሚበልጥ ለመስኩ ትልቅ ግፊት ሆነ። በ2005 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ባለሁለት ገጽ የሲሊከን ሴል ከኤርቢየም ለዋጭ ጋር ተሞክሮ በ1523 ናኖሜትር ሌዘር ጅረት ሰጠ።

በ2012 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን በላንታናይድ ቅንጣቶች ላይ ብርሃን የሚሰበስብ ቀለም በመለጠፍ የሚወጣውን ብርሃን ከ3000 ጊዜ በላይ ማሳደጉን አስታወቀ። ይህ ትልቅ ቁጥር መነሻው ምን ያህል ትንሽ እንደነበርም ያሳያል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ፍራውንሆፈር የፀሐይ ኃይል ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሥራ ባሪየም ይትሪየም ፍሎራይድ ክሪስታል ውስጥ ያለ ኤርቢየምን ተጠቅሞ የሲሊከን ሴልን ጅረት በ0.55 በመቶ ከፍ አደረገ፤ ይህም ከተራ ፀሐይ 94 ጊዜ ያህል በተሰበሰበ ብርሃን ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውስትራሊያ ቲም ሽሚት የተሳተፈበት ቡድን በሞለኪውሎቹ መንገድ ከሲሊከን ክፍተት በታች ያለ ብርሃን ወደ የሚታይ ብርሃን መለወጥ ቻለ። በዚህ ሙከራ የትሪፕሌት ጠላት ተብሎ የሚታወቀው ኦክስጅን ራሱ ጉልበት አቀባይ ሆኖ ማገልገሉ ልዩ ያደርገዋል።

ዋናው እንቅፋት

አፕኮንቨርዥን ሁለት ፎቶኖችን ስለሚፈልግ፣ ብርሃኑ ደካማ በሆነበት ሁኔታ የሚወጣው ብርሃን ከሚገባው ብርሃን ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ብርሃኑ በእጥፍ ቢጨምር ውጤቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ ውጤቱ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንድ አየን መካከለኛ ደረጃ ላይ የመገኘቱ ዕድል ትንሽ ከሆነ፣ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ጊዜ እዚያ የመገኘታቸው ዕድል ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። በሌዘር ጥሩ ውጤት የሰጠ ቁስ በተራ ፀሐይ ሥር የሚደክመውም በዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ጠባብነት ነው። ኤርቢየም የሚውጠው ከ1480 እስከ 1580 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ቀጭን ክፍል ነው። ከሲሊከን ክፍተት በታች ያለው የፀሐይ ብርሃን ግን ከ1100 ጀምሮ ከ2000 ናኖሜትር በላይ ይዘልቃል። አብዛኛው ብርሃን ለለዋጩም እንደማይታይ ሆኖ ያልፋል።

እነዚህን ለማቃለል ሦስት ዓይነት ጥረቶች ይደረጋሉ። አንደኛው በሌንስና በመስታወት ብርሃኑን መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው ሰፊውን ኢንፍራሬድ ውጠው ኤርቢየም በሚፈልገው ቀጭን ክፍል ላይ የሚያበሩ ቀለሞችን ወይም ኳንተም ዶቶችን መጨመር ነው። ሦስተኛው እንደ ወርቅና ብር ያሉ የብረት ናኖ ቅንጣቶችን ማስገባት ነው፤ ቅንጣቶቹ በዙሪያቸው ያለውን የብርሃን መስክ ያጠናክራሉ። የብረት ናኖ ቅንጣቶችን በፖሊመር የፀሐይ ሴል ውስጥ በመቀላቀል የብርሃን አያያዝን ማሻሻል በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው የፊዚክስ ሊቅ ገነነ ተሰማ ሞላ የምርምር መስክ ነው።

ስሌቱ በሲሪንቃ

ቁጥሮቹ በተግባር ምን ማለት እንደሆኑ አንድ ቦታ ወስዶ ማስላት ይረዳል። ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ ዞን ሐብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በማሽላና በሌሎች ሰብሎች ጥናት የሚታወቀው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘውም እዚሁ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ትሆናለች።

ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀትር አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ብቃቱ 20 በመቶ የሆነ የአንድ ካሬ ሜትር ፓኔል ከዚህ 200 ዋት ይሰጣል። ከሲሊከን ክፍተት በታች ሆኖ የሚባክነው ኢንፍራሬድም ወደ 200 ዋት ይጠጋል። ፓኔሉ ሳይጠቀምበት የሚያልፈው ብርሃን ከሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ጋር የሚስተካከል ኃይል አለው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የሚያሳድዱት ይህንን ነው።

በሌላ በኩል፣ ከላይ የተጠቀሰው 0.55 በመቶ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ ቢገኝ እንኳ ለ200 ዋት ፓኔል ከ1 ዋት ትንሽ ይበልጣል። ይህም በ94 ፀሐይ ብርሃን የተለካ ነው። በአንዲት ፀሐይ የሚገኘው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይሆናል።

ይህን ከሙቀት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የፓኔል አቅም የሚለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሲሊከን ፓኔል ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓኔል 50 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከ200 ዋቱ ከ15 እስከ 20 ዋት ይቀንሳል። ፓኔሉን ከቆርቆሮው ከፍ አድርጎ ንፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ማድረግ፣ አቧራውን መጥረግና የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት መጠንቀቅ ዛሬ ባለው ደረጃ አፕኮንቨርዥን ከሚሰጠው የበለጠ ኤሌክትሪክ ያስገኛሉ።

ደመናም ሌላ ነጥብ ያሳያል። በሐብሩ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ይጥላል። በደመናማ ቀን ብርሃኑ ወደ አንድ አምስተኛ ቢወርድ የተራው ፓኔል ምርት በዚያው መጠን ገደማ ይቀንሳል፤ የለዋጩ አስተዋጽኦ ግን በካሬ ሕጉ መሠረት ወደ አንድ ሃያ አምስተኛ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ የውኃ ተን ራሱ ኢንፍራሬድን ይውጣል፤ በተለይ 1400 እና 1900 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን። ስለዚህ ለዋጩ ብዙ የሚሰጠው ብርሃን በተትረፈረፈበት ጊዜ፣ ትንሽ የሚሰጠው ደግሞ እያንዳንዱ ዋት በሚፈለግበት ጊዜ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ወልድያና አካባቢዋ ለወራት ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ውጪ ሆነው ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለመብራት፣ ለስልክና ለውኃ ፓምፕ የሚያስፈልገው በደመናም በፀሐይም አስተማማኝ የሆነ ፓኔልና ባትሪ ነው።

ተወዳዳሪ መንገዶች

አፕኮንቨርዥን የፀሐይን ብርሃን በተሻለ ለመጠቀም ከተዘረጉት በርካታ መንገዶች አንዱ ነው።

- *ድርብርብ ሴል።* የተለያየ ክፍተት ያላቸው ሁለት ሴሎች አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ። የላይኛው ብርቱዎቹን ፎቶኖች፣ የታችኛው ደካሞቹን ይወስዳል። ፐሮቭስካይትን በሲሊከን ላይ የደረቡ ሴሎች በቤተ ሙከራ ከ33 በመቶ በላይ ደርሰዋል። ከሁሉም ለገበያ የቀረበው መንገድ ይህ ነው።
- *ዳውንኮንቨርዥን።* የአፕኮንቨርዥን ተቃራኒ ሲሆን አንድን ብርቱ ፎቶን ወደ ሁለት ደካማ ግን ጠቃሚ ፎቶኖች ይከፍላል። የሚያስቀረው በሙቀት የሚጠፋውን ትርፍ ጉልበት ነው። አንድ ፎቶን ብቻ ስለሚበቃው በደካማ ብርሃንም ይሠራል።
- *ጠባብ ክፍተት ፖሊመሮች።* በአዲስ አበባ ከተጠኑት ዓይነት ያሉት ብቻቸውንም ሆነ በድርብርብ ሴል ውስጥ እንደ ታችኛው ንብርብር ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር አፕኮንቨርዥን አንድ ጠቀሜታ አለው። ለዋጩ ከሴሉ ጋር በኤሌክትሪክ መያያዝ አያስፈልገውም። ተሠርቶ ያለቀን ባለሁለት ገጽ ሴል ሳይነካ ከኋላው ሊለጠፍ የሚችል ንብርብር ነው፤ ባይሠራም ሴሉን አያበላሽም።

አሁን ያለበት ደረጃ

አፕኮንቨርዥን ከፀሐይ ሴል ውጪ ቀድሞ ሥራ ላይ ውሏል። የማይታይ የኢንፍራሬድ ሌዘር ጨረር ያረፈበትን ቦታ በሚያሳዩ ካርዶች፣ ሐሰተኛ ሰነዶችን ለመለየት በሚረዱ ቀለሞች እንዲሁም ሕያው ሕዋሳትን በማጉያ መነጽር በማጥናት ያገለግላል። በእነዚህ ሥራዎች ብርሃኑ ከሌዘር ስለሚመጣ የካሬው ሕግ እንቅፋት አይሆንም።

ለፀሐይ ሴል ግን የሚጠበቀው በአንዲት ፀሐይ ብርሃን የሚሠራ፣ ሰፊ ኢንፍራሬድ የሚውጥ፣ እንደ ፓኔሉ ለ25 ዓመታት የሚቆይና ዋጋው የሚመጥን ለዋጭ ነው። አራቱን በአንድነት ያሟላ ቁስ እስካሁን አልተሠራም። የሞለኪውሎቹ መንገድ ለመጀመሪያው መስፈርት፣ የላንታናይዶቹ ደግሞ ለሦስተኛው ይበልጥ ይቀርባሉ። በአሁኑ ጊዜ ያለው ምርምር የሚያተኩረውም የሁለቱን ጥንካሬ በማጣመር ላይ ነው።